ጌጡ የቀናበት ጉልበት

ወጌሻ ጌጡ ቀናተኛ ነበር። አገሩ ያውቀዋል፤ እሱም አይክደውም። ግን እንደ ሌላው ቀናተኛ ባል ሚስቴን በገበያ ማን አያት፣ በሠርግ ቤት ከማን ጋር ሳቀች እያለ ዓይኑን ሲያንከራትት የሚውል ሰው አልነበረም። ሚስቱ ፈንታነሽ ከፈለገች ከአገሩ ወንድ ሁሉ ጋር ስትሳሳቅ ትዋል፤ ጉዳዩም አይደለ። ጌጡ የሚቀናው በእጅ ነው። እሱ የነካውን አጥንት ሌላ እጅ ሲነካው ሆዱ ይቃጠላል። እሱ ያቃናውን ክንድ ይዞ ሌላ ወጌሻ ዘንድ የሄደ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ከጌጡ የሚያገኘው ሰላምታ ግማሽ ነው። አንድ ጊዜ የአንበሳሜ ወጌሻ እሱ ያሰረውን እግር ፈትቶ እንደገና አሰረው ብለው ቢነግሩት፣ ሳምንቱን ሙሉ በሬዎቹ እንኳ ፊቱን አይተው ዳር ዳር ይሉ ነበር።

ቤቱ ከጉና ግርጌ ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ እህል እምብዛም በማይደፍርበት ብርድ አገር። ያርሳል። ደግሞ እንደ አባቱ ወለምታ ያሻል፣ ውልቃት ይመልሳል፣ ስብራት በቀርከሃ ያስራል። በእጁ ካለፉት አጥንቶች ሁሉ ግን የእኔ ነው ብሎ የሚያምነው አንድ ነበር፤ የሚስቱ የግራ ጉልበት።

ቢያምንም አይፈረድበትም። ሚስቱን ያገኘው በዚህ ጉልበት ነው። ፈንታነሽ ልጃገረድ ሳለች ከበቅሎ ወደቀች። የጌጡ አባት ታመው ስለነበር ልጃቸውን ላኩ። ጌጡ ጉልበቱን መለሰ፣ አሰረ፣ ከዚያም በየጧቱ ቅቤ እየያዘ እየመጣ ያሽ ጀመር። ጉልበቱ ዳነ። ልጅቷ ውኃ መቅዳት ጀመረች። ጌጡ ግን “ገና ትንሽ ይቀረዋል” እያለ መምጣቱን አልተወም። በመጨረሻ አባቷ አላስችል ቢላቸው፣ “አንተ ልጅ፣ ሽማግሌህን ላክና ይህንን ቅቤ ከማባከን ገላግለን” አሉት። በዚያው ተጋቡ።

ከተጋቡ በኋላም ማሸቱ ቀጠለ። ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበቱ ይቆረጥማታል፤ ማታ ማታ እሳት ዳር እግሯን ዘርግታ ትሰጠዋለች። የእህሉ ነገር፣ የድንበሩ ነገር፣ የልጃቸው ነገር የሚመከረው ያኔ ነው። ተኳርፈው የዋሉም እንደሆነ ፈንታነሽ ማታ “ና እስቲ፣ ይቺን እያት” ካለች ነገሩ አበቃ። ሌላው ባልና ሚስት በምን እንደሚታረቅ እንጃ፤ እነሱ የሚታረቁት በጉልበቱ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ሚስቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ወንዛዬ ወርዳ በፍል ውኃው ተነክራ “ተፈታልኝ! ልክ እንደ ልጅነቴ ሆነልኝ!” እያለች ስትመለስ ቁጭ ብሎ የሰማው። ሰው በሰው ይቀናል፤ ጌጡ በውኃ ቀና። ለብዙ ሳምንት “ፍል ውኃሽ ያሽልሽ” እያለ እጁን ከለከላት። ፈንታነሽ አንድ ቀን እያነከሰች ገባችና “ተመልሶ ያመኝ ጀመር” አለችው። እውነት ይመማት፣ አዝናለት ትበለው፣ እግዜር ይወቅ። ጌጡ ግን ፊቱ በራ።

ዓመታት ሲቆጠሩ ጉልበቱ የእውነት ከፋ። ፈንታነሽ ወደ ጎን መራመድ ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሳይነጋ መነሣት፣ ደርሳም ከደጀ ሰላሙ አለማለፍ ሆነ። ጌጡ ያሻል፣ ያሻል፤ ለዚያች ማታ ቀለል ይልላትና ጧት ያው ነው። እሱ ዕድሜ ነው አለ።

በዚህ መካከል ልጃቸው ትዝታ ከቤሩት ተመለሰች። ደብረ ታቦር ላይ የፀጉር ቤት ከፈተች፤ እናቷ ወደ ጎን ስትራመድ ባየች ጊዜም እጇን ይዛ ሆስፒታል ወሰደቻት። ጌጡ ጋቢውን ደርቦ ተከተለ። የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ሲሳይ በወር በወሩ ከባሕር ዳር እየመጣ የሚያክም ወጣት ነበር። ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው። ጌጡ መጀመሪያ ያየው ጣቶቹን ነው፤ በእነዚህ ጣቶች የዶሮ እግር እንኳ አይመለስም ብሎ በሆዱ ሣቀ።

ዶክተሩ ግን ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። ጌጡ በጋቢው ውስጥ አንገቱን አስግጎ አየ። ሠላሳ ዓመት በዳበሳ ያወቀው ጉልበት፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ እዚያ ተሰጥቷል። ይህ ልጅ በአንድ ቀን፣ ቅቤ እንኳ ሳይነካ አየው።

“እማማ፣ ድሮ ወድቀው ያውቃሉ?” አለ ዶክተሩ።

“ከበቅሎ። ልጅ ሆኜ።”

“ያኔ በደንብ ሳይጠገን ቀርቷል። ይህን ሁሉ ዓመት እርስ በርሱ ሲፋተግ ኖሮ፣ ይኸውልዎት፣ አጥንት ላጥንት ገጥሟል። ማን ነበር ያየዎት?”

ፈንታነሽ ወደ ጥግ ወደ ባሏ ዞር አለችና ፈገግ አለች። ጌጡ የዶክተሩን ቃል ይቅር ሊል ይችል ይሆናል፤ ያቺን ፈገግታ ግን አልቻለም።

“ወጌሻ ነው” አለች።

“አዬ፣ ወጌሻ” አለ ዶክተሩ፤ ጥግ የቆመው ባለ ጋቢ ማን እንደሆነ አላወቀም። ከዚያም ያለቀውን መገጣጠሚያ አውጥቶ በብረት የተሠራ እንደሚተካላት፣ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ ነገራት። ፈንታነሽ አለቀሰች። “ተራምጄ መቅደስ ልደርስ?” አለች። ይደርሳሉ አላት። ጌጡ ሚስቱ በደስታ ስታለቅስ አየ፤ ያስለቀሳት ሌላ ሰው ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ተጓዘ።

ቀጠሮው ለመጋቢት መጨረሻ ተያዘ፤ ዘመኑ 2013 ነው። ጾሙ እንደገባ ታዲያ ቀበሌውን ሳል ወረሰው። ፈንታነሽም ወደቀች። ትኩሳቱ አጋላት፣ አጥንቷን ቆረጣጠማት፣ ሽንኩርት አፍንጫዋ ላይ ቢይዙላት አልሸት አላት። የጤና ኬላዋ ልጅ ከደጅ ቆማ “ይህማ ኮሮና ነው” አለች። ጌጡ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ውኃ ሲያጠጣት፣ ግንባሯን ሲያብስ ሰነበተ። ትዝታ ከተማ ስለነበረች ጉንፋን ነው ተብሎ በስልክ ተነገራት። ቀጠሮው ሲቃረብ ፈንታነሽ ተነሣች፤ ደረቷም ከሞላ ጎደል ለቀቃት።

“ስማ” አለችው ሊሄዱ ሲሉ። “ታማ ነበር የሚባል ነገር እንዳይወጣህ። ቀኑን ይገፉብኛል። ጉንፋን እንኳ አልያዛትም ነው የምትለው።”

“እሺ” አለ ጌጡ። ሲል ከልቡ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ትዝታ ተቀበለቻቸው፤ የአፍንጫ ምርመራው ንጹሕ ነሽ አላት። ዶክተር ሲሳይ አፍንጫውን ሸፍኖ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። እግሯን አነሣ። ጣቶቹን ከጉልበቷ ግራና ቀኝ አድርጎ ቀስ ብሎ አጠፈው፣ ዘረጋው። ፈንታነሽ ጌጡ ሲያጥፈው ትጮህ ነበር፤ አሁን ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች።

“ሰሞኑን ታመው ነበር? ትኩሳት፣ ሳል?”

“ኧረ ጌታዬ፣ ጤነኛ ነኝ። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝ።”

“ታማ ነበር” አለ ከጥግ አንድ ድምፅ።

ጌጡ ራሱ ደነገጠ። ግን አንዴ ከወጣ ወዲያ አፉ አልመለስ አለው፤ ትኩሳቱን፣ ሳሉን፣ ሽንኩርቱን፣ የጤና ኬላዋን ልጅ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። የሚናገረው እውነት ነው፤ ያናገረው ግን እውነት አልነበረም። ያናገሩት እነዚያ ቀጫጭን ጣቶች ናቸው። ቢያንስ ዛሬ አይነኳትም ሲል ደረቱ ቀለለው።

ዶክተሩ እግሯን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። “ይህ በሽታ ቢለቅም ደምን አይለቅም” አለ። “ሰውየው ዳንኩ ካለ በኋላም ደሙ ለመርጋት ይቸኩላል። የጉልበት ቀዶ ሕክምና ደግሞ ብቻውንም ቢሆን ደም ያረጋል። ሁለቱ ከተገናኙ እግር ውስጥ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ሰው እያወራ ነው የሚሞተው። ሁለት ወር ያህል እንታገሥ፣ እማማ።” ወደ ጌጡ ዞረ። “እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እንደ እርስዎ ለሚስቱ የሚጠነቀቅ ባል ብዙ አላየሁም።”

ጌጡ ምስጋናውን እንደ መራራ ጠላ ዋጠው። ትዝታ አባቷን በኩራት አየችው። ፈንታነሽ አላየችውም።

አላናገረችውም ደግሞ። ደጃቸው ሲደርሱ ብቻ ቆም አለችና “አንተ እንድራመድ አትፈልግም” አለችው። አልዋሸችማ።

የዚያኑ ዕለት ማታ እንደ ልማዱ ቅቤውን እሳት ዳር አስጠግቶ አለሳልሶ ሲቀርብ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጎተተችው። “ተወው። ለዶክተሩ ይቆይለት።”

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። በግ ታረደ፣ ተበላ፤ ለሰው ፊት ሲሉ ይነጋገሩ ነበር። ማታ ግን ፈንታነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ትዝታ የላከችላትን የፋርማሲ ቅባት በራሷ እጅ ትቀባለች። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ማለቱ ቀርቶ መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ጀመር። ጌጡ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጦ እጆቹን ያያቸዋል። ሰው እግሩ ሲሰበር አሁንም ይመጣለታል፤ ያስራል፣ ያሻል፤ አመስግነው ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ብቻ ናት ያልመጣችው፤ እሷም እዚያው ከእሳቱ ማዶ ናት። አንጀቱ ያረረው ለዚህ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገም፤ አንድ ማታ “ና እስቲ፣ ይቺን እያት” ትበለው ብቻ።

ሰኔ ሲገባ ጉልበቷ ተቀየረ። ነገሩ ሁሉ ያለ እንከን ሄደ። ወደ ቤት ሊመልሷት ሲሉ ዶክተር ሲሳይ ለሦስቱም አንድ በአንድ ነገራቸው። ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ሳታቋርጥ ትውሰድ። አትተኛ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትራመድ። “ባቷ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመማት ደግሞ፣ ማንም እንዳይነካው። እንዳይታሽ። ቶሎ ይዛችኋት ኑ።” ይህንን ሲል ዓይኑ ጌጡ ላይ ነበር፤ የጌጡን ሙያ ትዝታ በመካከሉ ነግራዋለች። ጌጡ የሰማው ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ ጉልበቱን ወሰደ፤ ብረት ከተተበት፤ ይባስ ብሎ አሁን እጅህን ከሚስትህ ላይ አንሣ ይለዋል።

ትዝታ ጥቂት ቀን ሰንብታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠያቂው ግን ጎረፈ። አገሩ ሰው ሲታመም መጠየቅ ይችልበታል። አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ባዶ እጁን ግን ረጅም ወሬ ይዞ ይገባል። ፈንታነሽም ለገባው ሁሉ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ስፌቱን ታሳያለች። “እዩትማ፣ እንደ ጥልፍ ነው የሰፋኝ!” ትላለች። “ሲነካኝ እኮ አይታወቅም፣ እጁ እንደ ጥጥ!”

“እጁ ይባረክ!” ይላሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

ጠላ የሚቀዳው ጌጡ ነው። የሌላ ሰው እጅ በቤቱ ሲባረክ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። አንዲቱ ሳቅ ብላ “ወጌሻው፣ እንጀራህን ወሰደብህ እኮ!” ስትለው ሁሉም ሳቁ። ፈንታነሽም ሳቀች። ጌጡ ወጥቶ የበረቱን አጥር ሳያስፈልገው አጠበቀ።

ጎረቤታቸው እቴነሽ ነበረች የመራመዱን ነገር ያስቆመችው። ፈንታነሽ ሆስፒታሉ የሰጣትን የብረት መደገፊያ ይዛ ቤቱን ስትዞር ያየቻት ቀን ጮኸች። “በሥላሴ! የተቀደደ እግር ይረገጣል? ይህማ ከአራስ አያንስም! አራስ እኮ ስንትና ስንት ቀን ተኝታ ነው የምትነሣው፤ ተኚ፣ ይግጠምልሽ!” ሌሎቹም ደገፏት። እውነትም በአገሩ ልማድ የታመመ ይተኛል፤ ቢነሣ ሰው ይሰድበዋል፣ አስታማሚውንም ያሙታል። ፈንታነሽ ተኛች። እግሯን በትራስ ከፍ አድርገው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኟት። ክኒኑንም፣ የሰኔ ጾም ነውና ባዶ ሆዴን አቃጠለኝ እያለች አንዱን ቀን ስትውጥ አንዱን ትተወው ጀመር።

ጌጡ የዶክተሩን ቃል አልረሳም። አትተኛ ማለቱን ያስታውሳል። ግን ስትራመድ የዶክተሩ ናት፤ የምትሄደው በዶክተሩ ብረት ነው። ስትተኛ ደግሞ የእሱ ናት። ትራሱን ያስተካክላል፣ በሶውን ይበጠብጣል፣ ስትጠማ ያጠጣል። እሷም “ትንሽ ከፍ አድርገው” ትለዋለች፣ አንዳንዴም “ተባረክ” ትለዋለች። ከመጋቢት ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። ትዝታ በስልክ “አባ፣ እየተራመደች ነው?” ስትለው “ትራመዳለች” አላት።

ከዚያ አንድ ጧት ፈንታነሽ “እግሬን ምን ሆንኩ?” አለች።

ብርድ ልብሱን ገለጠ። የግራ ባቷ አብጧል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ የቀኙ እኩያ ነው ቢሉ ማንም አያምንም። እቴነሽ ከጀርባው ብቅ ብላ አየችና ወዲያው ወደ ቤቷ ሮጣ ቅቤ ይዛ ተመለሰች። “ጅማቷ ተሳስሮ ነው። የወጌሻ ሚስት ሆና እንዲህ ታብጥ? ምን ታያለህ፣ እሻት እንጂ!”

ጌጡ አልተንቀሳቀሰም። ፈንታነሽ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ሕመሙ ፊቷን አጨማዶታል፤ ግን ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

“ና እስቲ፣ ጌጡ። ይቺን እያት” አለችው።

ተንበረከከ። እቴነሽ ቅቤውን መዳፉ ላይ አደረገችለት። የተመኘው ነገር ሁሉ እዚያ ነው፤ ሚስቱ እግሯን ዘርግታ፣ ዶክተሩ ሩቅ፣ እሱ ቅርብ። ከሦስት ወር ኩርፊያ በኋላ ጠራችው። እጁን ባቷ ላይ አሳረፈ። ቆዳው አቃጠለው። ከሥሩ ያለው ሥጋ እንደ ወለምታ አይደለም፣ እንደ ውልቃትም አይደለም፤ ጠንክሯል፣ እጁ የማያውቀው ነገር ነው። ያኔ የዶክተሩ ድምፅ መጣበት። እንዳይታሽ። ሰው እያወራ ነው የሚሞተው።

ድምፁን ጠላው። እዚህ ቤቱ ድረስ፣ በእሱና በሚስቱ እግር መካከል ገብቶ የተቀመጠ ድምፅ ነው። ይዋሽ ይሆናል፤ እኔን ሊያርቀኝ ብሎ ይሆናል አለ በልቡ። አሁን እምቢ ካለ ይህ ልጅ አሸነፈ፤ ፈንቴም ከእንግዲህ ዕድሜ ልኳን አትጠራውም። ትንሽ ብቻ፣ በላይ በላዩ፣ ለስለስ አድርጎ ቢያሻትስ? ጣቶቹ መታጠፍ ጀመሩ።

ከዚያ እጁን አነሣ። ቅቤውን በጋቢው ጠረገ።

“አልነካውም” አለ።

“ምን አልክ?”

“አልነካውም፣ ፈንቴ። ሐኪም ቤት ነው የምትሄጂው።”

የፈንታነሽ ፊት ተቀየረ። “ሌላ ሰው የነካውን አልነካም ማለትህ ነው” አለች። “እንዲህ እያመመኝ ትቀናለህ? ለምኜህ? እያለቀስኩ?”

እቴነሽ “በሉ ወዲያ፣ እኔው አሻታለሁ!” ብላ እጇን ሰደደች። ጌጡ አንጓዋን አፈፍ አድርጎ ያዛትና ቤቱን በጩኸት ሞላው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በጎረቤት ሴት ላይ ጮኾ አያውቅም። ከዚያ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ቆመና “ቃሬዛ!” ብሎ ተጣራ።

ቃሬዛ ሲባል ቤቱ የሚቀር ወንድ የለም። የቃሬዛ ማኅበሩ ዳኛ ዋልልኝ ሰዎቹን ከየማሳው ሰብስቦ ደረሰ። ፈንታነሽን ጠቅልለው አነሧት። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርድ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ፣ እየተንሸራተቱ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ጌጡ የፊቱን ሸክም ያዘ፤ ልቀይርህ ቢሉት እምቢ አለ።

ፈንታነሽ ከቃሬዛው ላይ ሆና አገር ሰማኝ አላለችም። “ዋልልኝ፣ ስማኝ” ትላለች። “እሸኝ ብዬ ለመንኩት። ባል ነው ይህ? ዶክተሩ ስለነካኝ ተጸየፈኝ። ሸክም ያበዛባችሁ የእሱ ቅናት ነው።”

ዋልልኝ ጌጡን በጎን አየው። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። ጌጡ ምን ብሎ ይናገር? ቀናተኛ አይደለሁም ቢል ማን ያምነዋል? እሱስ ራሱን ያምናል? ደግሞ ድምፅዋን እየሰማ ነው የሚሄደው፤ እስከተሳደበች ድረስ ትተነፍሳለች። ዝም ባለች ቁጥር አንገቱን አዙሮ ያያታል።

አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ተቀበላቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ እግሯን በማሽን አዩት። ደሙ ከባቷ ጀምሮ እስከ ጭኗ ረግቷል። ወዲያው መርፌ ወጓት፣ አስተኟት፣ ትዝታም እየሮጠች መጣች። ዶክተር ሲሳይ የመጣበት ሳምንት ሆነና እሱም ደረሰ።

“ማን አሸው?” ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ፊቱ ጠቁሯል።



“ማንም” አለች ፈንታነሽ። “ለምኜው ነበር። እምቢ አለኝ።”

ዶክተሩ ወደ ጌጡ ዞረ። “ትራመድ ነበር?”

“አልተራመደችም” አለ ጌጡ። “እኔ ነኝ ያስተኛኋት።” ትዝታ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን አላሸሸም።

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። “እሱ ጥፋት ነው፤ ከእንግዲህ አይደገምም። ግን ይህ እግር ታሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ እማማ፣ የረጋው ተቆርሶ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። ያኔ እዚህ አንደርስም ነበር። አባቴ፣ እንዳያሹ የነገርኩዎት እኔ ነኝ፤ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ወጌሻ ናቸው ሲሉኝ ይሰሙኛል ብዬ አላሰብኩም።” ከዚያ ጎንበስ አለና በሁለት ጣቱ ባቷን ቀስ ብሎ ተጫነው። ፈንታነሽ አልጮኸችም። ጌጡ ይህንን አየ፤ አሁንም፣ እዚህም፣ ሆዱ ቃጠል አለበት። የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ዶክተሩ ወጣ። ትዝታም መድኃኒቱን ልታመጣ ተከተለችው። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ፈንታነሽ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“እቤት ሳለን” አለች። “ቅናት አልነበረም እንዴ?”

ጌጡ የዶክተሩን ሙገሳ ተቀብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዶክተሩ አመቻችቶለት ነው የወጣው።

“ቅናትማ ነበር” አለ ጌጡ። “ዕድሜዬን እንደዚያች ሰዓት ቀንቼ አላውቅም። እጄ ደርሶ ነበር እኮ፣ ፈንቴ። ቅቤው መዳፌ ላይ ቀልጦ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ብትሞችብኝስ?”

ፈንታነሽ ነጠላዋን ጎትታ ዓይኗን አበሰች። ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ሰጠችው። ጌጡ ተቀበላት። አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ የእጇን አንጓ ማሸት ጀመረ፤ ነቃና አቆመ። ዝም ብሎ ያዛት።